የጉባኤ ጆሮ

ሰው ኹሉ ጆሮው የራሱ ብቻ ገንዘብ ይመስለዋል። በጉባኤ መካከል በተቀመጠ ጊዜ ግን ማዳመጡ ከባልንጀሮቹ ማዳመጥ ጋራ አንድ ማኅበር ይኾናል፤ ተናጋሪዎቹም ኹሉ ከዚያ ከአንዱ ማድጋ ይቀዳሉ። የሚቀዳ ነገር ደግሞ ይጐድላል።

የመንዝ ሰዎች ይህን በሣር ያውቁታል። የጓሳን ምድር ቄሮ በሚባል የአባቶች ሥርዐት ሲጠብቁ፥ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚኾነው ሣር እስኪያገግም ድረስ ለዓመታት ዘግተው ያቈዩት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬቱ ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ሥርዐቱ ፈረሰ፤ ሣሩም እየሳሳ ኼደ። ነዋሪዎቹ ኋላ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሰው አቋቁመውታል። ሣሩን ያሳሳው አንድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዱ የወሰደው አንድ ሸክም ነበር።

የቅኔ ጉባኤም እንዲሁ ነው፤ ጕዳቱ ግን ይከፋል። ሣር ቢዘገይም ይበቅላል። ቅኔ ለዕለቱ ተቈጥሮ በዕለቱ የሚባል ስለ ኾነ፥ ሰሙ በጆሮ ሲያልፍ ልብ ወርቁን ካልያዘው አመለጠ። በስልክ ይቀዳል የሚል ይኖራል፤ የተቀዳውንስ በምን ጆሮ ሊሰማው ነው?

የቅኔ ቤት ሥርዐት ይህን ያወቀ ይመስላል። ጀማሪው በኹለት ቤት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ብዙ ከደከመ በኋላ ነው። ይህ ለተማሪው ዐቅም ብቻ ታስቦ አይደለም፤ ለሰሚውም ርኅራኄ አለበት። ገና ያልበሰለ ሰው በኹለት ቤት ቢናገር ከጉባኤው የሚወስደው ጥቂት ነውና።

ዛሬ ግን በበዓል ቀን ቅኔው ሳይደርስ አስቀድሞ ማስታወቂያው፥ ምስጋናው፥ የእርዳታው ልመና በድምፅ ማጉያ ይፈስሳል። አንዱም ከንቱ አይደለም፤ አንዱም ብዙ አልወሰደም። በየኪሱም ስልክ ይንቀጠቀጣል፤ ላኪው አንዲት ቅጽበት ብቻ የለመነ ይመስለዋል።

ከዚህ ኹሉ በኋላ ቆጠራ ገብቶ የሰነበተው ተማሪ ይነሣል። ቅኔውን ያሰማል። እንደ ልማዱም «ይበል፥ ይበል» ይባልለታል፤ ወርቁ ምን እንደ ኾነ ግን ከአጠገቡ ያለውን የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም።