ቱርቦው ከመቀየሩ በፊት የሚያፈሰው ይደፈን

ዛሬ ከለመድነው የፖለቲካ ወሬ ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ አንድ አሮጌ መኪና ልጽፍ ነው። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ግን ብዙም እንዳልራቅሁ ታያላችሁ።

ነገሩ የሆነው ከሚኤሶ ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። ሚኤሶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች አቧራማ ቆላ ናት፤ ጭሮ ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ርቀቱ አጭር ቢሆንም ዳገቱ የሞተርን ልክ ያሳያል። ከላይ ጫት የጫነ አይሱዙ እየበረረ ይወርዳል፤ አባዱላው ከኋላህ ጡሩምባ ይነፋል፤ አንተ መሀል ነህ።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጭሮ የደም ግፊት ቀጠሮ ነበራት። መኪናዬ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ደብል ጋቢና ነው፤ በትርፍ ሰዓቴ ቀስ በቀስ እያደስኩት፣ ለዘገባ የምወጣበትም እሱ ነው። ዳገቱን አጋምሰን መጀመሪያ ጉልበት አጣ። ቀጥሎ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ተፋ። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳሁ፤ ሞተሩ ግን ጩኸቱን ጨመረ። ቁልፉን አጠፋሁ፤ አልጠፋም። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ድሮ ያጫወተኝ ትዝ አለኝ። ፍሬኑን ባለኝ ኃይል ረግጬ አራተኛ ማርሽ አስገባሁና ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀቅሁት። መኪናው ተንቀጠቀጠ፤ ሞተሩ ታንቆ ቆመ። ዝም ሲል እናቴ ስታማትብ ሰማኋት። ትንሽ ቆይታ፣ «ይሄ መኪና ዓመት ሙሉ ግቢዬን በዘይት ሲያበላሽ አልነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሆነው ይህ ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይትንም እንደ ነዳጅ ያቃጥላል። የተበላሸ ቱርቦ የሞተሩን ዘይት ወደ አየር መግቢያው ሲያስገባ፣ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየጠጣ ይጮኻል። ዘይት እስካገኘ ድረስ ቁልፍ ብታጠፋ ባታጠፋ ግድ የለውም።

በጣም ያናደደኝ ደግሞ ቱርቦው ገና አራት ወሩ መሆኑ ነው። የቀድሞው ሲበላሽ ሶማሌ ተራ ዞሬ፣ የሦስት ወር ገቢዬን ከፍዬ ነው የገዛሁት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጋራዥ በግማሽ ቀን ገጠመልኝ። ያን ጊዜ ፍጥነቱን አድንቄ ነበር።

አንድ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ ሚኤሶ መለሰን፤ እናቴን በአባዱላ ወደ ቀጠሮዋ ሸኘኋት። እኔ መንገድ ዳር ያሉ አንድ መካኒክ ዘንድ ደረስኩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ አባታቸው የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቱርቦውን ፈትተው ዘንጉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቀነቁት። መንቀሳቀስ በሌለበት አቅጣጫ ተንቀሳቀሰ።

«የገዛሁት ኮፒ ነው ማለት ነው አይደል፣ ኦቦ?» አልኳቸው።

«ዕቃውን አትስደብ» አሉኝ። «ዘይት አስጠምተኸው ነው የሞተው።»

ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት የሚሽከረከር፣ ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ማራገቢያ ነው። ሐሳቡን አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት አስመዝግቦታል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊዞር ይችላል፤ በዚያ ፍጥነት ከብረት ጋር ሳይፋተግ የሚያቆየው ስስ የዘይት ንጣፍ ነው። ዘይቱ ለጥቂት ሰኮንዶች ከቀረ ኩሽኔታው አለቀለት።

ኦቦ አንድ በአንድ አሳዩኝ። ዘይት የሚያመጣው ቀጭን ቱቦ ውስጡ በተቃጠለ ዘይት ጠቦ ሽቦ እንኳ አያሳልፍም። ዘይቱን ወደ ታች የሚመልሰው ጎማ ተጨማድዷል፤ ዘይቱ መውረጃ ሲያጣ በቱርቦው በኩል ይገፋል። የሞተሩ መተንፈሻ ደፍኗል። የአየር ማጣሪያው ሳጥን ክዳን አይገጥምም፤ የሚኤሶ አቧራ ገብቶ የማራገቢያውን ጠርዝ በልቶታል። አራቱም ችግሮች የመጀመሪያው ቱርቦ ሲሞትም ነበሩ። እኔ የቀየርኩት የሞተውን እንጂ የገደለውን አልነበረም።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ኢንተርኩለሩ ወርዶ ውስጡ የተጠራቀመው ዘይት ታጠበ፤ ያ ካልሆነ ሞተሩ ሲነሳ ያንኑ ጠጥቶ እንደገና ያብዳል። ቱቦዎቹ ተቀየሩ። አሮጌ ጋስኬትና አሮጌ የመዳብ ሮንዴላ እንዳይመለስ ተከለከለ። አዲሱ ቱርቦ ከመታሰሩ በፊት ዘይት ተሞልቶ በእጅ ተሽከረከረ። ከዚያ ከጎረቤት ጎሚስታ የአየር ቱቦ አመጡና በአየር መስመሩ ውስጥ ቀስ አድርገው አየር ለቀቁ፤ በየመጋጠሚያው የኦሞ አረፋ ቀቡ። ሁለት ቦታ ላይ አረፋው ተነፋ። እነዚያም ተጠበቁ። በመጨረሻ ነዳጁን ዘግተው ዘይቱ ቱርቦው ጋ እስኪደርስ ሞተሩን በሞተሪኖ ብቻ አዞሩት። ሲነሳም ጋዝ እንድሰጥ አልፈቀዱልኝም፤ ብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ ሠራ።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ።

በጥር 2016 መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አሳወቀ። ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወድዶት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የመለዋወጫ ዋጋም ከብር ጋር ተንገዳገደ። የኤሌክትሪክ መኪና ተቃዋሚ አይደለሁም። በሚኤሶ በኩል የሚያልፈውና በ2010 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የጅቡቲ ባቡር ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ዛሬ በመንገድ ላይ ያለው ናፍጣ መኪና ነገ አይጠፋም። ጫቱን፣ ሽንኩርቱን፣ በሽተኛውን ለብዙ ዓመት የሚያመላልሰው እሱ ነው። ስለሚገባው መኪና ብዙ ተከራከርን፤ ያለውን ማን፣ በምን ዕውቀት፣ እንዴት እንደሚጠግነው ግን አልተነጋገርንም።

እኔ ራሴ መጀመሪያ ልወቀስ። ዓመት ሙሉ ከመኪናው ሥር ካርቶን እያነጠፍኩ፣ ሲጎድል አንድ ሊትር ዘይት እየጨመርኩ ነዳሁ። የዓመቱን ምርመራ አልፌ ቦሎ ስለጥፍ ዘይቱ ይንጠባጠብ ነበር፤ ማንም ጎንበስ ብሎ አላየም፣ እኔም አልተናገርኩም፤ እንዲያውም በማለፌ ደስ አለኝ። በሙያዬም እንደዚያው ነኝ። መኪና ገደል ሲገባ የሟች ቁጥር እጽፋለሁ፤ ፍሬኑ ከስንት ወር በፊት ጀምሮ ይንሸራተት እንደነበር ጠይቄ አላውቅም። ኃላፊ ሲነሳ አዲሱ ማነው እላለሁ፤ የቀድሞውን ምን እንደጣለው፣ ያ ነገር አሁንም እዚያው ቢሮ ውስጥ እንዳለ አልጠይቅም። በየመሥሪያ ቤቱ ቱርቦ ስንቀይር ኖርን፤ ቱቦው ግን ያው የደፈነው ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ጥገና ዜና አይሆንም፤ ሪባን አይቆረጥለትም። ኦቦ የሠሩት ሥራ ከውጭ ሲታይ ምንም የለውም፤ መኪናው ያው አሮጌ መኪና ነው። አጠገባቸው የሚሠሩትን ሁለት ልጆች ያስተማራቸው ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው ሲደክሙ ያ ዕውቀት የት ይቀመጣል? የመኪና ፖሊሲ የሚጽፍ ሰው ካለ ይህን ጥያቄ ይያዝልኝ።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ለሁለተኛው ቀጠሮ ጭሮ ወሰድኳት። ያቺ ቦታ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን። መኪናው ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ፣ ያለ ጭስ ወጣው። ጭሮ እንደደረስን ከሁሉ በፊት ተንበርክኬ ሥሩን አየሁ። ከቱርቦው በኩል ደርቋል። ከካምቢዮው በኩል ግን አንድ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ቅዳሜ ኦቦ ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ካርቶን አላነጥፍም።

ቸር ሰንብቱ።