በብሪጅ ጨዋታ ስለሚደርስ የባልንጀራ ስሕተት

ብሪጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚጫወቱት ነው። ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለው አሜሪካዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. ለዛሬው መሠረት የሆነውን የነጥብ አቆጣጠር ካወጣለት ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። ባልንጀሮች በጨረታው ጊዜ በጥሪያቸው ስለሚነጋገሩ የስምምነታቸው ትርጓሜ ከተጋጣሚ ሊሰወር አይገባም፤ ተጋጣሚ በጠየቀ ጊዜም የሚመልሰው የጠራው ሰው ሳይሆን ባልንጀራው ነው። ፈተናው የሚመጣው እንግዲህ ባልንጀራው ተሳስቶ የተረጎመ እንደ ሆነ ነው።

ባልና ሚስት አብረው ሲጫወቱ ያየነውን ለምሳሌ እንናገር። ባል «አንድ ያለ ገዥ ካርታ» ብሎ ጠራ፤ ሚስትም «ሁለት አልማዝ» አለች። በስምምነታቸው ይህ ጥሪ የልብ ካርታ የበዛላት መሆኑን የሚያስታውቅ ነበር። ባል ግን ስምምነቱን ዘንግቶ ለጠየቁት ተጋጣሚዎች «አልማዝ በዝቶላታል ማለት ነው» ሲል መለሰ።

በዚህ ጊዜ ሚስት ምን ታድርግ? ብዙ ሰው ወዲያው ማረም ቅንነት ይመስለዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የታደሰው የብሪጅ ሕግ ግን ጨረታው ሳያልቅ እንዳታርመው፣ በገጿ መለወጥ እንኳ እንዳታሳብቅ ይከለክላታል፤ እርማቱ ባሏን የሚያነቃ ምክር ይሆናልና። ከዚህም የሚከብደው የባሏን መልስ እንዳልሰማች ሆና መጥራቷ ነው። ጥሪዋን በትክክል እንደ ተረዳላት ቆጥራ ትቀጥላለች እንጂ ከስሕተቱ ያገኘችውን ዕውቀት ለጥቅሟ ልታውለው አይገባትም።

ጨረታው ሲፈጸም ግን የዝምታ ጊዜ ያልፋል። ውሉ የእነርሱ ወገን ከሆነ፣ የመጀመሪያው ካርታ ሳይወርድ ዳኛውን ጠርታ እውነቱን ለተጋጣሚዎቿ ትነግራለች። ተከላካዮች ከሆኑ ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ትታገሣለች፤ ቀድማ ብትናገር የምትረዳው ባሏን ነውና። ተጋጣሚዎች በተሳሳተው ትርጓሜ ተጎድተው እንደ ሆነ ዳኛው ነጥቡን ያስተካክላል። ስሕተቱ የትርጓሜ ሳይሆን የጥሪ ቢሆን፣ ማለት ባል ስምምነቱን በትክክል ተናግሮ የተሳሳተችው እርሷ ብትሆን፣ የምታርመው ነገር የለም፤ ተጋጣሚ የማወቅ መብት ያለው ስምምነታቸውን እንጂ በእጇ ያለውን ካርታ አይደለምና።

ያየናት ወይዘሮ ውሉ የእነርሱ ስለ ነበረ ሕጉ እንዳዘዘው በጊዜው ተናገረች። ባሏ ግን በሰው ፊት አሳፈረችኝ ብሎ አኮረፈ። እኛ ስንፈርድ ክብሩን የጠበቀችለት እርሷ ናት። ዝም ብላ አሸንፈው ቢሆን ኖሮ፣ ካርታዋ በጠረጴዛው ላይ ሲገለጥ ተጋጣሚዎች የሚጠረጥሩት የእርሱን ዝንጋታ ሳይሆን የሁለቱን ተንኮል ነበር። መርሳት ለሰው ሁሉ ያለ ነውና አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በባልንጀራ መርሳት መጠቀም ነው።