ቁልቁለቱ

ስለ ማተርሆርን ሲወራ፣ ማን ቀድሞ ጫፉን ረገጠ የሚለው ሁሌ ይቀድማል። በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ 4,478 ሜትር ከፍ ብሎ ለቆመ ሹል ተራራ ይህ አይገርምም። እኔን ግን የሚይዘኝ ቁልቁለቱ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1865 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐርና ስድስት ባልደረቦቹ ጫፉ ላይ ወጡ። መንገድ መሪው ሚሼል ክሮ ሸሚዙን አውልቆ በድንኳን ምሰሶ ላይ ሰቀለው፤ ባንዲራ መሆኑ ነው። በጣሊያን በኩል ይወጡ የነበሩት ጣሊያናዊው መንገድ መሪ ካሬልና ባልደረቦቹ ገና ከታች ነበሩ። አንድ ሰዓት ያህል በደስታ ቆይተው መውረድ ጀመሩ።

ከፊት ክሮ፣ ከእሱ ቀጥሎ የ19 ዓመቱ ዳግላስ ሃዶው። ልጁ ለአልፕስ ተራሮች እንግዳ ነበር፤ እግሩ አልጸና አለው። ክሮ መጥረቢያውን ወደ ጎን አስቀምጦ የልጁን እግር በእጁ እየያዘ፣ አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ፣ በየመርገጫው ያሳርፍለት ጀመር። በዚህ ተራራ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥብኝ ነገር የለም። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እጅን ለሌላ ሰው እግር መስጠት! ክሮ ራሱ ሊወርድ ዞር ሲል ሃዶው አዳለጠውና ገፍትሮ ጣለው። ከኋላ በገመድ አብረው የታሰሩት ቻርልስ ሃድሰንና ፍራንሲስ ዳግላስም ተጎትተው ሄዱ። ከዳግላስ ቀጥሎ ሌላው መንገድ መሪ ፒተር ታውግቫልደር ነበር፤ ገመዱ በሁለቱ መካከል ተበጠሰ። አራቱ ሞቱ፤ የዳግላስ አስከሬን አልተገኘም።

ከዚያ ሐሜቱ መጣ። የተረፉት ዊምፐር፣ ታውግቫልደርና ልጁ ሲሆኑ፣ ጣት የተቀሰረው በአባትየው ላይ ነው። ራሱን ለማዳን ገመዱን ቆርጦታል ተባለ። ምርመራው ነጻ ቢያወጣውም የሰው አፍ አልለቀቀውም። የተበጠሰው ገመድ በስዊዘርላንድ፣ ዜርማት ሙዚየም ውስጥ ይታያል፤ ይዘው ከወጧቸው ገመዶች ሁሉ ደካማው ነበር። ገመዱ ይመርመር፤ ግን ጀማሪውን ልጅ እዚያ ድረስ ያወጣው ማን ነው? ሃድሰን ይችላል ብሎ መሰከረለት፣ ዊምፐር ተቀበለ። መሪዎቹ የተከፈላቸው ሌሎች የወሰኑትን ሊሸከሙ ነበር።

ካሬልም ከዊምፐር ሦስት ቀን ዘግይቶ በጣሊያን በኩል ጫፉ ላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1890፣ ሸምግሎ ሳለ፣ በዚያው ተራራ ላይ ማዕበል ያዘው። ደንበኛውን በበረዶው ውስጥ እየመራ አወረደው፤ አቅሙ ከድቶት የሞተው ከአደጋው ካወጣው በኋላ ነው።