የእናቴ ንቅሳትና የልጅቷ ሮለር

ወሩ ኅዳር ነው፤ ፍኖተ ሰላም በርበሬ በርበሬ የምትሸትበት ጊዜ። መንገዱ ሰላም ነው መባሉን ጠብቄ (የከተማዋን ስም እያሰብኩ ለብቻዬ ፈገግ ብያለሁ) እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ጆንያ ተነጥፎ በርበሬ ተሰጥቷል። እናቴ፣ ሁለት ጎረቤቶቿና የእህቴ ልጅ ከበው ይቀነጥሳሉ። የእህቴ ልጅ 20 ዓመቷ ነው። ቡሬ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜና እሑድን ከአያቷ ጋር ልታሳልፍ መጥታለች። የደኅና ሰነበታችሁ ልውውጡ ገና አላለቀም፤ ልጅቷ «ወይኔ ፊቴን!» ብላ ብድግ አለች።

በርበሬ የሚቀነጥስ ሰው ዓይኑን በእጁ መንካት እንደሌለበት የጎጃም ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እሷ ግን የነካችው ዓይኗን አይደለም፣ ጉንጯን ነው። ጉንጭ ደግሞ ይሞቀው ይሆናል እንጂ እንዲህ አያስጮህም። ውሃ አፈሰሰችበት፤ ባሰባት። እናቴ «ወተት! ወተት አምጡ!» አለችና በእርጎ መያዣው ጨርቅ እያራሰች ጠራረገችላት። የበርበሬ ማቃጠያ በውሃ እንደማይለቅ፣ ቅባት ያለው ነገር እንደሚያስለቅቀው እናቴ ኬሚስትሪ ሳትማር ታውቃለች።

ጎረቤቶቹ ከሄዱ በኋላ ነገሩ ወጣ። ልጅቷ ቦርሳዋን ከፈተችና የጥርስ ብሩሽ የሚያህል እጀታ ያለው ዕቃ አሳየችኝ። ጫፉ ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ክብ ነገር አለች፤ ዙሪያዋን ሁሉ መርፌ ነው። «ደርማ ሮለር ይባላል ጋሼ» አለችኝ። ማሸጊያው ላይ 540 መርፌ፣ 0.5 ሚሊ ሜትር የሚል ተጽፏል። ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አዝዘው በአውቶብስ የመጣላቸው ነው። ብጉር የተወባትን ጠባሳ ያጠፋል ተብላ ፊቷ ላይ ታሽከረክረዋለች።

«በየስንት ጊዜው?»

«ማታ ማታ።»

ማታ ማታ! አምስት መቶ አርባ መርፌ፣ በየማታው። የዚያን ቀን በርበሬ ያገኘው ከትናንት ማታ ያልተዘጋውን ቀዳዳ ነበር።

እናቴ ሮለሯን ተቀብላ በመዳፏ ላይ እያገላበጠች አየቻት። ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ ድዷ ይታያል፤ ጥቁር ነው፣ የተወቀረ። አንገቷ ላይም እንደ ሐብል የተደረደረ ንቅሳት አለ። በልጅነቷ፣ ሳትዳር በፊት ነው የተነቀሰችው። ነቃሿ መርፌዎቹን በክር አንድ ላይ አስራ፣ ከምጣድ ሥር የጠረገችውን ጥላሸት በጥብጣ፣ እናቴን ሁለት ሴቶች ጥርቅም አድርገው ይዘውላት።

«ከዚያስ?» አልኳት፤ ይህን ወሬ ስሰማው ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ።

«ከዚያማ አበጠ። ጎረሰኝ እንጂ አልጎረስኩም። ከዚያ ሻረ።»

«ደግማ መጣች?»

«ምን ልታደርግ? ቁስል ላይ ቁስል ልታወጣ?»

ልጅቷ አያቷን አየቻት፤ እኔን አየችኝ። እኔም ሐኪም አይደለሁም። የቆዳ ሐኪም ሲባል የአገሬ ሰው የሚያስበው አዲስ አበባ ያለውን አለርትን ወይም ወሎ ያለውን ቦሩ ሜዳን ነው፤ ሁለቱም ከፍኖተ ሰላም ሩቅ ናቸው። ማታውን አንድ የቆዳ ሐኪም ወዳጄ ጋ ደወልኩ። የቀረውን ከዚያ ወዲህ እያነበብኩ ሞላሁት።

መጀመሪያ ያስገረመኝ እናቴና ሮለሩ ዘመድ መሆናቸው ነው። ካናዳዊው የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም አንድሬ ካሚራን ነጣ ያሉ ጠባሳዎችን በንቅሳት መሣሪያ የቆዳ ቀለም ይሞላባቸው ነበር። ጊዜ ሲያልፍ ጠባሳው ራሱ ለስልሶ፣ የሰውየው የራሱ ቀለም ተመልሶበት አገኘው። ታዲያ ቀለሙን ትቶ በባዶ መርፌ ብቻ መውጋት ጀመረ፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1997 ጽፎ አወጣው። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ዴዝሞንድ ፈርናንዴስ ደግሞ መርፌውን በምትሽከረከር ነገር ላይ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። እንግዲህ ሮለር ማለት ጥላሸት የሌለው ንቅሳት ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ማጭበርበሪያ አይደለም። የብጉር ጠባሳን እንደሚያሻሽል የታወቀ ነው፤ እንደኛ ጠቆር ላለ ቆዳም ከአንዳንድ ሌዘሮች ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ ነው ይባልለታል። ነገር ግን የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ቆዳው ሲወጋ ሰውነት ቆስያለሁ ይላል። ጥቂት ቀን ይቀላል፣ ይቆጣል። ከዚያ ኮላጅን የሚባለውን የቆዳ ምሰሶ ማቆም ይጀምራል፤ ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ያቆመውን ማደላደልና ማጠንከር ደግሞ ወራት ነው። በየማታው የሚወጋ ፊት ታዲያ ከመጀመሪያው ደረጃ፣ ከቁጣው፣ አያልፍም። ለልጅቷ እንዲህ አልኳት፦ «አያትሽ ዛሬ የዘራችውን ማሳ ነገ መልሳ ብታርሰው ምን ታጭዳለች?» የጃቢ ጠህናን ገበሬ የልጅ ልጅ ናትና ወዲያው ገባት።

ወዳጄ በስልክ የነገረኝ ልክ ይህ ነው። 0.2 እና 0.25 ሚሊ ሜትር የሆኑት አጫጭሮቹ ከላይኛው ሽፋን ብዙም አይዘልቁም። በቤት ውስጥ ይሁን ከተባለ እነሱ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ በሳምንት አንዴ ይበቃቸዋል፣ ፊቱ ከቀላ ደግሞ ይለፋት። አንዳንድ ሻጭ «አንድ ቀን እየዘለላችሁ» ይላል፤ ሻጭ ነዋ። 0.5 ከሆነ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት መቆየት አለበት፤ እሱም ሐኪም ቢያየው ይመርጣል። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው የቤት ዕቃ አይደለም። ሐኪሙም ራሱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ አይደግመውም። ጠባሳ የሚሻሻለውም በአንድ ቀን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ዙር ይጠይቃል፤ ወራት መሆኑ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ለሕክምና የሚውል እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለ ሐኪም በሱቅ እንዲሸጥ አልፈቀደም። ቡሬ ድረስ በአውቶብስ ሲመጣ ግን ማን ይጠይቃል?

«እየቆጠነ ያለ ብጉር አለባት?» አለኝ። አለባት። «እንግዲያው ጭራሽ አትንካው፤ መግሉን እያሽከረከረች ፊቷን ሁሉ ታዳርሰዋለች።» ጠባሳው የሚያብጥና የሚያድግበት ሰውም ከመርፌው መራቅ አለበት፤ ጆሮዋን ስትበሳ እብጠት ያወጣች ልጅ ራሷን ታውቃለች። ጠይም ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ ይጠቁራል። ጠባሳ ላጥፋ ብላ ማድያት የመሰለ ጥቁረት ይዛ የምትቀር ብዙ ናት፤ በተለይ በማግስቱ ፀሐይ ላይ የምትውል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳር ፀሐይዋ በርበሬ የሚያደርቅ ፀሐይ ነው።

«ከሮለሩ በኋላ ምን ትቀቢያለሽ?» ብዬ ስጠይቃት ሌላ ቱቦ አወጣች። ፊት ያቀላል የሚባለው፣ ሁሉም ኮስሞቲክስ ቤት የማይጠፋው ዓይነት ክሬም። አነበብኩት፤ ክሎቤታሶል ይላል። ይህ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ለከባድ የቆዳ በሽታ፣ ለጥቂት ቀን የሚታዘዝ። በደኅና ፊት ላይ ሲቆይ እንኳ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያፈላል። እሷ ደግሞ በ540 ቀዳዳ ነው የምታስገባው። ለካ ያ አልለቅ ያላት ብጉር ቀላቢ ነበረው! የተለመደው የፊት ቅባትም ቢሆን ለላይኛው ቆዳ እንጂ ለውስጥ አልተሠራም። ከመርፌ በኋላ የተቀቡት ነገር ቆዳቸው ውስጥ ገብቶ እብጠት ያወጣባቸው ሴቶች ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል።

እስከዚህ ድረስ ስንነጋገር የአክስትና የአጎት ምክር ነበር። ተሳስቀንም ነበር። ከዚያ ለማጽዳቱ ጠየቅኳት።

«አረቄ እንነክራታለን» አለች።

የአገር ቤት አረቄ፣ ዳግሙም ቢሆን፣ ለማጽጃ ከሚባለው 70 በመቶ አልኮል አይደርስም ልላት አፌን ከፈትኩና ቃሏን ሰማሁት። «እንነክራታለን።»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«እኔና ጓደኞቼ። ተዋጥተን ነዋ የገዛናት።»

እኔ በተማርኩበት ዘመን የፀረ ኤድስ ክበብ ያልነበረው ትምህርት ቤት አልነበረም። ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ የሚለውን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃላችን እንለው ነበር፦ ምላጭ፣ መርፌ፣ ወስፌ፣ የጥፍር መቁረጫ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሮለር የለም። ለእሷ ትውልድ ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ ብዙም አልተነገራቸውም። ሮለር በማሸጊያው ሮዝ ነው፣ መዋቢያ ነው፤ ምላጭ አይመስልም። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ፈቃድ በሌለው አንድ የውበት ቤት፣ ከራሳቸው ደም የተዘጋጀ ነገር በመርፌ ፊታቸው ላይ ያስደረጉ ሦስት ሴቶች በኤች አይ ቪ እንደተያዙ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ቤቱ የተዘጋው በ2018 ነበር። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ የተሠራ ዕቃ ይደጋገም ነበር። የጉበት ቫይረስ ቢ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ከሰውነት ውጪ በደረቀ ነገር ላይ ሰባት ቀን ይቆያል። ክትባቱ ለአገራችን ሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። እሷ የተወለደችው ከዚያ በፊት ነው። ጓደኞቿ በዕድሜ ይበልጧታል።

ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም አለች። የእናቴም ሳቅ ጠፍቷል፤ የሰፈሩን ልጆች በሙሉ ስለነቀሰችው ስለዚያች ሴትና ስለ አንዲቷ የመርፌ እስር ታስብ ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። የሁለቱም ምርመራ ተደረገላት፤ ውጤቱ የእሷ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም። ነርሷ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ አለቻት፤ ስለ ጉበቱ ክትባትም ነገረቻት። ሮለሯን ራሷ ለነርሷ ሰጠቻት፤ ነርሷም ለመርፌ መጣያ ወደ ተዘጋጀው ቢጫ ካርቶን ወረወረቻት።

ወጥተን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ስልኳን አውጥታ የጓደኛዋን ስም እያየች ቆየች።

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ነው የምጀምረው?»

ሻዩ ቀዘቀዘ። የቡሬው ረዳት «ቡሬ የሞላ!» እያለ ይጣራል። ቁጥሩን ነካችው፤ መጥራት ጀመረ።