ባሕር የሌለው የባሕር መኮንን

በጅማ የጂኦግራፊ መምህር እንደ መሆኔ መጠን ስለ ባሕር ኃይላችን ሳነሣ ተማሪዎቼ ፈገግ ይላሉ። የቡና አገር ልጅ ከመርከብ ጋር ምን አለው? ነገር ግን የአጋሮና የሊሙ ቡና ባሕር ተሻግሮ ካልተሸጠ ገበያችን ምን ሊሆን ነው?

በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ፣ መደበኛ ወደቧ ምጽዋ ሆኖ፣ ብዙ ዕጩ መኮንኖችን አሠልጥናለች። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ግን ለጡረታ አልታደሉም፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። በ1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ»ም በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እንግዲህ ጡረታ የወጣ መምህር የቀድሞ ትምህርት ቤቱን ሄዶ ያየዋል፤ ዳኛም ችሎቱን። ጡረተኛው የባሕር መኮንን ግን መርከቡም ወደቡም ከአገሩ እጅ ወጥተዋል። የቀረው በኮከብ አቅጣጫ መለየቱ፣ የባሕር ካርታ ማንበቡና ሰዓት ማክበሩ ነው። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉን መልሶ ለማቋቋም ማሰቡን ሲያስታውቅ፣ ወደብ በሌለው አገር የተረፈው ትልቁ ሀብት ይኸው ዕውቀት ነበር።

አንተም፣ የመንግሥት ሠራተኛው ወንድሜ፣ ነገ ከወንበርህ ብትነሣ ምን ይቀርሃል? ወንበሩ የመንግሥት ነው፤ የተማርኸው ግን ያንተ ነው። የ1954ቱ ወጣቶች ዛሬ አረጋውያን ናቸው። በሰፈራችን አንድ እንኳ ቢገኝ፣ ሳይመሽ ቡና አፍልተን እንጠይቀው።