ስለ ጓዳው ድምፅ ማጉያ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ የዛሬው ነገሬ በቤት ውስጥ ስለምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ሣጥን ነው። ይህ ሽማግሌ ሌላ ጉዳይ አጣን? ትል ይሆናል፤ ነገር ግን እኔ በእርሷ ምክንያት አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ነበርና ታገሠኝ።

ባለቤቴ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በወገብ ሕመም ምክንያት ከጓዳ አትወጣም። መዝሙርና ትረካ መስማት ትወዳለች፤ ማጫወቻው ያለው ግን እኔ እንግዳ በምቀበልበት በፊተኛው ክፍል ነው። ድምፁን ከፍ ባደርገው ጎረቤት ይታወካል፤ ዝቅ ባደርገው እርሷ አትሰማም። ስለዚህ ለጓዳው አንድ ድምፅ ማጉያ፥ ዛሬ ሰው ሁሉ ስፒከር የሚለውን፥ ልገዛላት አሰብሁ። ወደ አብደራፊ ገበያ ወርጄ ብጠይቅ ሻጩ ልጅ፥ «መምህር፥ በዚህ ዘመን ሽቦ ማን ይጎትታል? ይህን ብሉቱዝ ይውሰዱ እንጂ» አለኝ። ዕድሜዬን የነካብኝ ስለ መሰለኝ ጥቂት ተቆጣሁ፤ ቢሆንም ለሦስት ቀን ልሞክረው ብዬ መያዣ ሰጥቼ ወሰድሁት።

ብሉቱዝ የሚለው ስም በ10ኛው መቶ ዘመን ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሃራልድ ቅጽል ስም የተወሰደ ነው። ሥራው የተጀመረውም በስዊድን አገር በኤሪክሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ድምፁ በአንድ ሴኮንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ያህል በሚርገበገብ የራዲዮ ሞገድ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ይህ ሞገድ ቆርቆሮ ሲያገኝ ነጥሮ ይመለሳል፤ ውሃ ያለበት ነገር፥ የሰው ገላም ቢሆን፥ ይመጠዋል። ጓዳዬን ከፊተኛው ክፍል የሚለየው ደግሞ እኔው ራሴ በአቅሜ የመታሁት ቆርቆሮ ነው! በሩ ሲዘጋ መዝሙሩ ይቆራረጥ ጀመር። በሩ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ብሉቱዝ ድምፁን አሽጎ ልኮ እስኪፈታው ድረስ የሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ወይም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፥ ይህ ማለት ዘማሪው ከ34 ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ራሱን እየተከተለ እንደ መዘመር ነው። ሁለቱ ክፍሎች አብረው ሲሰሙ ቤቱ ገደል ማሚቶ ሆነ።

ገመድ አልባ መባሉም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ያው ገመድ ይፈልጋልና። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሙቀት ያስረጀዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የእኛን ቆላ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን የሰፈር እናቶች ባለቤቴን ሊጠይቁ መጥተው እግዜር ይማርሽ ሲሉ፥ ያ ሣጥን ሳይታሰብ የጭፈራ ዘፈን አፈነዳ። ለካ ከአጥር ማዶ ያለ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ከእርሱ ጋር አገናኝቶት ኖሯል! እናቶቹ እኔን ተመለከቱ። ባለቤቴ ግን ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ሣጥኑን መለስሁና ወደ ሽቦ ዞርሁ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከመጀመሪያውም ወደዚያው ያደላ ነበር። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ራዲዮው በዳይሬክተሩ ክፍል ተቀምጦ፥ ከእርሱ የወጣ ሽቦ ወደ መኝታ ቤታችን ይገባ ነበር። በአዲስ አበባ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ መንግሥት በ1969 ዓ.ም. እስከ ወረሰው ድረስ የቆየውን የብሥራተ ወንጌልን ራዲዮ ጣቢያ የሰማነው በዚያች ሽቦ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ድምፁ ቀጥ ይል ነበር። ገና አልጨረስንም ብንል የሚሰማን አልነበረም፤ ሽቦው ወደ እኛ ያመጣል እንጂ ከእኛ የሚወስደው ነገር አልነበረውምና።

ሥራው የግማሽ ቀን ሆነ። ከአሮጌው አምፕሊፋየሬ እስከ ጓዳው 12 ሜትር የመብራት ገመድ በቃኝ። ቀጭን ሽቦ በረዘመ ቁጥር ጉልበቱን በሙቀት መልክ ያባክነዋል፤ ለዚህ ርቀት ግን ጉዳቱ ኢምንት ነው። ሁለቱን ጫፎች አምታትቼ ባስር ኖሮ፥ አንዱ ማጉያ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ወፍራሙን ድምፅ ያሳጣኝ ነበር። አይጥ እንዳይቆርጠውም ከጣራው ሥር አሳለፍሁት። ማታ መዝሙሩ በጓዳው ውስጥ ጥርት ብሎ ሲሰማ፥ እኔ በፊተኛው ክፍል ተቀምጬ በሥራዬ ኮራሁ።

ጥቂት ቆይቶ ጠራችኝ። «ድምፁ ጎደለ?» ብዬ ሮጥሁ።

«ድምፁስ መጣ፤ አንተ ግን ቀረህ» አለችኝ።

ቀድሞ እኮ መስማት ስትፈልግ ማጫወቻውን ተሸክሜ ገብቼ፥ እስኪያልቅ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ለሳምንት ስለ ቆርቆሮና ስለ ሞገድ ሳሰላ፥ ከዚያ መቀመጥ ራሴን ነጻ ለማውጣት እንደምደክም አንድ ጊዜ እንኳ አልታየኝም። ወይስ ታይቶኝ ዝም ብዬው ይሆን?

በማግሥቱ አምፕሊፋየሩንና ማጫወቻውን ወንበሬንም ጨምሬ ወደ ጓዳ አገባሁ። ሽቦውን አልነቀልሁትም። ሣጥኑ አሁን በፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ እዚያ ሆኖ ይሰማል፤ እኔን የፈለገም ወደ ጓዳ ይገባል።