ቱሉ ዲምቱ፣ ዋስ የሚገኝበት ሰፈር

ከቃሊቲ በሚኒባስ ተነስተው፣ የአቃቂን ድልድይና የፋብሪካዎቹን አጥር አልፈው፣ «ወራጅ አለ» የሚለው ድምፅ ሲበዛ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ደርሰዋል ማለት ነው። ስሙ ኦሮምኛ ነው፤ ቀይ ኮረብታ። ቀዩን ግን አላየሁትም። እኔ በሄድኩበት ቅዳሜ ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና ጥቁሩ መረሬ ጭቃ ጫማዬ ላይ ተጣብቆ እስከ እትዬ በር ድረስ አብሮኝ ወጣ። ሰማዩ ሲገለጥ በምሥራቅ የረር፣ በደቡብ ራቅ ብሎ ዝቋላ ይታያሉ።

አብዛኞቻችን ይህን ቦታ የምናውቀው በመኪና መስኮት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልጆቹን ይዞ ለቅዳሜና እሁድ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ካርዱን ተቀብሎ ያልፋል እንጂ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ዞር ብሎ አያይም። እኔም ከዚህ በፊት እንደዚያው ነበርኩ።

በዚያ ቅዳሜ ግን የመጣሁት ለገንዘብ ነው። ቤቴ ውስጥ በሁለት መኪና የልጆች ልብስ እሰፋለሁ። ሥራው ስለበዛ አንድ ኦቨርሎክና አንዲት ጠባብ ሱቅ ያስፈልጉኛል። ባንክ ስሄድ «ማስያዣ ምን አለሽ?» አሉኝ። ያለኝ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ነው፤ 20 በመቶውን ቆጥቤ፣ 80 በመቶውን ባንክ አበድሮኝ የገባሁበት። ዕዳው ገና ስላላለቀ ቤቱ ራሱ ተይዟል። እንደኔ በራሱ ቤት እየኖረ ማስያዣ የሌለው ስንት ሰው በዚህ ከተማ እንዳለ እናንተም ታውቁታላችሁ።

እትዬ የአክስቴ ልጅ ናቸው፤ ግማሽ ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ አንቱ እላቸዋለሁ። ወደ ቱሉ ዲምቱ የመጡት ዕጣ ወጥቶላቸው ከልደታ ነው። «ዕጣው ቤት ሰጠኝ፣ ጎረቤት ግን ወሰደብኝ» ይላሉ። እቁባቸውም፣ የቡና ሸሪኮቻቸውም፣ በዱቤ ጤፍ የሚሰጣቸው ነጋዴም ልደታ ቀሩ። መጀመሪያ ሰሞን ብሎኩ ውስጥ ሰው ቢታመም የሚጠራውን ሰው ስም እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ በሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገሩ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ፤ ሁለት ሴቶች ቀጥረዋል።

ነገሩ የተጀመረው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ዝናብ ሲጥል ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሥር ተጠልለው የሚቆዩ ሴቶች ተዋወቁ። ሁሉም አዲስ ገቢ ነበሩ። ዝቋላ ከፊት ለፊታቸው ስለሚታይ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ የአቦን ጽዋ እንጠጣ ተባለ፤ ወር በገባ በ5። ጽዋ ማህበር አንባቢ እንደሚያውቀው ተራ በተራ ነው፤ ባለተራዋ ዳቦ ትደፋለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ ካህን ይባርካል፣ የማህበሩ ሙሴ ሥርዓቱን ይመራል። ንግድ በዚህ ውስጥ የለም። ግን በየወሩ አንዷ የሌላዋን ቤት ታያለች፤ ማን ቤቷን በምን እንደያዘች፣ ባሏ ሥራ እንዳለው፣ ልጆቿ ምን እንደሚበሉ። ባንክ በደርዘን ወረቀት የሚጠይቀውን እነሱ ዳቦ እየቆረሱ ያውቁታል።

ከዓመት በኋላ ከማህበሩ ጎን እቁብ ተቋቋመ። እትዬ እዚህ ላይ ጣታቸውን አንስተው አስጠነቀቁኝ፦ «ማህበሩ ሌላ፣ እቁቡ ሌላ። ጽዋው ባለበት ብር አይቆጠርም!» ካህኑ አሳርገው ከሄዱ በኋላ ነው የእቁቡ ጸሐፊ ደብተሯን የምታወጣው። የመጀመሪያውን ዕጣ ሳያወጡ ለእትዬ ሰጧቸው፤ ምጣድ እንደሚፈልጉ ሁሉም ያውቅ ነበርና። ደንበኞቹም መጀመሪያ የተገኙት ከዚያው ነው። አንዷ ማህበርተኛ የወንድሟን ምግብ ቤት አገናኘች፣ ሌላዋ የምትሠራበትን መሥሪያ ቤት ክበብ።

ይህ ሁሉ ሲሰማ ጣፋጭ ነው። እኔም ቡናዬን እየጠጣሁ በልቤ ሱቄን ከፍቼ ጨርሼ ነበር። ከዚያ እትዬ የዶሮውን ነገር አነሱ።

ከማህበርተኞቹ የአንዷ ልጅ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት፣ የእንቁላል ጣይ ዶሮ ማርባት ፈለገ። በእናቱ ስም የገባውን እቁብ ቀድሞ እንዲወስድ ተፈቀደለት። እቁብ ቀድሞ የበላ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ እትዬ ሆኑ። በአራተኛው ወር በሽታ ገብቶ ዶሮዎቹ በሁለት ሳምንት አለቁ። ልጁ ስልኩን ዘጋ። እናቱ ከማህበር ቀረች፤ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያንም ቀረች።

«ገንዘቡስ ይሁን» አሉኝ እትዬ፣ «እሷ ቅዳሴ መቅረቷ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

ይህን እስክሰማ ድረስ ያላሰብኩት ነገር ነው። ከባንክ የተበደረ ሰው ቢከስር ቤቱን ያጣል፤ ከእምነት ወገኖቹ የተበደረ ሰው ግን ቢከስር የሚጸልይበትን ቦታ ሊያጣ ይችላል። ሕንፃው እንዳለ ነው፣ ሰው የሚያስቀረው ሐፍረቱ ነው። አበዳሪውም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ «እንዴት ወንድሜን እከሳለሁ» እያለ ዝም ይላል፣ ዝምታው ደግሞ ቂም ይሆናል። ዱቤውም እንዲሁ ነው። እትዬ የማህበር ሰው እንጀራ ወስዶ «በወር መጨረሻ» ሲላቸው እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ደብተራቸውን አሳይተውኛል፤ ያልተሰረዘው መስመር ከተሰረዘው ይበልጣል።

የዶሮው ጉዳይ እንዴት አለቀ? ማህበሩ ሦስት ሰዓት ተቀመጠ። ግማሾቹ ዋሷ ትክፈል አሉ፤ ደንቡ እሱ ነው። በመጨረሻ ዕዳው ለሦስት ተከፈለ፦ አንዱ እጅ በእትዬ፣ አንዱ በልጁ እናት፣ አንዱ ልጁ ሥራ ሲያገኝ በጥቂት በጥቂቱ። ሁለት ሴቶች ከሙሴው ጋር እናቲቱ ቤት ሄደው «በ5 ተራሽ ነው፣ ጠላ ጥመቂ» አሏት። ጠመቀች። ልጁ አሁን አንድ የቀለም መደብር ውስጥ ተቀጥሮ እየከፈለ ነው፤ ሁለት ወር አልፎታል፣ ሦስተኛውን ግን ከፍሏል።

ከሰዓት በኋላ እንጀራ ልናደርስ ስንወርድ የአንደኛ ፎቋ ጎረቤት አስቆመችን። ሻርፕና የሴት ቀሚስ ትሸጣለች። ሙስሊም ናት፣ ወለድ አትነካም፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የባንክ ብድር ለእሷ አልተሠራም ነበር። የመጀመሪያውን ዕቃ ያመጣችው ባለቤቷ ከመስጊድ ጀመዓው ባገኘው ቀርድ ነው፤ ወለድ የሌለው፣ የተበደሩትን ያህል ብቻ የሚመለስ ብድር። በአገራችን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ከሆኑት ባንኮች መካከል ዘምዘምና ሂጅራ ሥራ የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ነው። በሙራበሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጥልዎታል። ጎረቤታችን ጠይቃ ነበር። «እነሱም ማስያዣ ይላሉ» ብላ ሳቀች። ስለዚህ አሁንም በጀመዓው ትሠራለች። የረመዳን ሰሞን ሳምቡሳ ጠብሳ ለሰፈሩ ትሸጣለች፣ እትዬ ደግሞ ሊጡን በማቡኪያቸው ያቦኩላታል። እድራቸው አንድ ነው፤ እድር ሃይማኖት አይለይም።

ከፎቁ ጥግ ባልትና ያላት ሴት ደግሞ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ናት፣ የመጣችውም ከአዳማ፣ ከመንገዱ ሌላኛው ጫፍ። እሷ የነገረችኝ ነገር ከሁሉም በላይ አስገረመኝ። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዙ ቲርፈንድ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2002 አዳማ ላይ የራስ አገዝ ቡድን የሚባለውን ጀመረች፤ አሠራሩ ከህንድ የተወሰደ ነው። በመጀመሪያ አምስት ቡድን፣ ወደ መቶ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ በአገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሆነዋል፤ አባላቱም የዚያች ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን ብቻ አይደሉም። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ፣ በብዛት ሴቶች፣ በየሳምንቱ እየተገናኙ ጥቂት ይቆጥባሉ፣ ከተጠራቀመው ይበዳደራሉ። ሰብሳቢዋ በየስብሰባው ትቀያየራለች፣ ደንቡን ራሳቸው ይጽፋሉ። ከውጭ የሚመጣ መነሻ ገንዘብ የለም። ሴትዮዋ እንዳለችኝ የመጀመሪያ ብድሯ በርበሬ እንኳ በወጉ የሚገዛ አልነበረም፤ ሽሮ ብቻ ገዛች፣ ፈጨች፣ ሸጠች፣ መለሰች። ትልቁን የተበደረችው ትንሹን መመለሷን አይተው ነው።

ለእኔ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። የዶሮው ልጅ ላይ የተሳሳቱት ማመናቸው አይደለም፤ በእናቱ ጨዋነት ለልጁ ንግድ ዋስ መሆናቸው ነው። አንድ ሰው ሰንበት አያጓድልም ማለት ዶሮ ማርባት ያውቃል ማለት አይደለም።

ወደ ቤት ስንመለስ መብራት ጠፍቶ ነበር። እትዬ በሻማ ተቀምጠው ሊጡ እንዳይኮመጥጥ እየተጨነቁ ነበርና ጥያቄዬን ላቀርብ አፍሬ ቆየሁ። በመጨረሻ ግን ስለ ኦቨርሎኩ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ባንኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። እቁቡ ውስጥ ያስገቡኝ እንደሆነ፣ ቀድሞ ዕጣ ይሰጠኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። እትዬ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«አንቺን አውቅሻለሁ» አሉ። «እነሱ ግን አያውቁሽም። ለብር ብለሽ ጽዋ ብትጠጪ አቦም ያውቃሉ፣ ሴቶቹም ያውቃሉ። ሰፈርሽ ደጅሽ ላይ ቤተ ክርስቲያን የለም እንዴ? ጎረቤትሽ ማን ናት?»

የጎረቤቴን ስም አላወቅሁትም። አራት ዓመት በር ለበር ኖረናል።

«ከእሷ ጀምሪ» አሉኝ። «ለልጇ አንድ ቀሚስ ስፊላት፣ አስከፍያት ደግሞ። እስከዚያው በ5 እንግዳ ሆነሽ እየመጣሽ ዳቦ ብዪ። ስለ ገንዘብ ከስድስት ወር በፊት እንዳታነሺብኝ።»

መብራቱ ሲመጣ ምጣዱን ጣዱ። ሦስተኛው እንጀራ እስኪወጣ ቆይቼ አንዱን በፌስታል ይዤ ወረድኩ። አደባባዩ ላይ የመጨረሻዎቹ ሚኒባሶች «ቃሊቲ፣ ቃሊቲ» ይላሉ፤ ከክፍያ መንገዱ የሚወጡ መኪኖች ደግሞ መብራታቸውን አብርተው ወደ ከተማው ያልፋሉ። ስልኬ ላይ የሚቀጥለውን ወር 5 ምልክት አደረግሁበት። ማክሰኞ ነው የሚውለው፤ ፈቃድ መጠየቅ አይጠበቅብኝም፣ አሠሪዬ እኔው ነኝ።